ጋሼ የተረጎሙልን ፊልም

እንደምን አመሻችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ ከልት ፊልሞች እንዳወራ ነው። እሺ ብዬ መጣሁ። ግን ከወዲሁ ልናዘዝ፤ ብዙውን ሰዓት የማወራው ስለ አጎቴ ነው። ፊልሙን ያለ እሳቸው ለመተረክ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። ሌላ አንድ ነገር፦ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጠራ እንዳትደናገሩ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የበዓል ዋዜማ ነው። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ እህቴ አሥራ አንድ። አጎታችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አራት ማዕዘን ነገር ይዘው መጡ። ቅርጹን ስናይ ልባችን ዘለለ። ለሳምንታት ስንለምን የከረምነው የቪዲዮ ጌም መሰለን። ጋዜጣውን ቦጫጭቀን ስንጥለው የቪዲዮ ካሴት ሆኖ ተገኘ። «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ» ይላል።

«ምን ማለት ነው?» አለች እህቴ።

«ልዕልቷ ሙሽራ» አሉ ጋሼ።

ልዕልትም ሙሽራም በአንድ ርዕስ! እኔ ፊቴ ጠቆረ። እናቴ በዓይኗ ስትገስጸኝ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ፤ ድምፄ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚለው። ጋሼ ምንም ቅር አላላቸውም። «ቁጭ በሉ፣ እኔ እተረጉምላችኋለሁ» ብለው ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ከተቱት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስረዳ። እኔና እህቴ ከእንግሊዝኛ የምናውቀው ፊደሉንና ሰላምታውን ነው። ጋሼም ቢሆኑ ግማሹን ነው የሚያውቁት። የቀረውን ግማሽ ከራሳቸው ይሞሉታል። ይህንን ያወቅኩት ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ፊልሙ ሲጀምር አንድ ልጅ ታሞ አልጋ ላይ ነው። የቪዲዮ ጌም ይጫወታል። አያቱ ሊጠይቁት ይመጣሉ፣ የተጠቀለለ ስጦታ ይዘው። ልጁ መጠቅለያውን ይቀድዳል። መጽሐፍ ነው። ፊቱ ይጠቁራል። አያትየው ምንም አይመስላቸውም፤ አባቴ ሲያመኝ ያነብልኝ የነበረ መጽሐፍ ነው፣ እኔም ለአባትህ አነብለት ነበር ይሉታል። ከዚያ ወንበር ስበው ማንበብ ይጀምራሉ።

እኔና እህቴ ተያየን። ጋሼ በሳቅ ፈነዱ። ለካ አስቀድመው አይተውት ነበር።

ላላያችሁት ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። በተርካፕ የምትባል የገጠር ልጅ አለች። ቤታቸው የሚሠራ ዌስትሊ የሚባል ወጣት አለ። እሷ ታዝዘዋለች። ውሃ ቅዳ፣ ኮርቻዬን ወልውል። እሱ ከአንድ መልስ በቀር አይናገርም። በአማርኛ «እንዳልሽ» ልንለው እንችላለን፤ ጋሼም ያሉት እንደዚያ ነው። ይህ «እንዳልሽ» ግን ሌላ ነገር ደብቆ ይዟል። እወድሻለሁ ማለቱ እንደሆነ አንድ ቀን ይገባታል። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ሞተ ይባላል፣ ክፉ ልዑል ያጫታል፣ ሦስት ሰዎች ይጠልፏታል፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ይከተላቸዋል። ገደል አለ፣ የእሳት ረግረግ አለ፣ ከልክ በላይ የገዘፉ አይጦች አሉ። ከሞላ ጎደል የሞተ ሰው የሚያስነሳ አሮጌ ባለመድኃኒትም አለ። «ከሞላ ጎደል» የሚለው የጋሼ አይደለም፣ ፊልሙ ውስጥ ያለ ቀልድ ነው። ሙሉ በሙሉ የሞተና ከሞላ ጎደል የሞተ ይለያያሉ ይላል ባለመድኃኒቱ። በአማርኛ ግን የበለጠ ያምርበታል።

ፊልሙ የወጣው በ1987 ነው። አዘጋጁ ሮብ ሬይነር ነው። ጽሑፉ የዊሊያም ጎልድማን ነው፤ በስክሪፕት ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ኦስካር የወሰደ ሰው። ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። በሲኒማ ቤት ያገኘው ደግሞ 30 ሚሊዮን ገደማ ነው። ኪሳራ አትሉትም፣ ስኬትም አትሉትም። በዚያው ዓመት የቶሮንቶ ፌስቲቫል ተመልካቾች በድምፃቸው አንደኛ አድርገው መርጠውታል። ማለትም ያየው ሰው ወድዶታል። ችግሩ ሰውን ሲኒማ ቤት ማስገባቱ ላይ ነበር። የልጆች ተረት ነው? ኮሜዲ ነው? የፍቅር ነው? የጎራዴ ፊልም ነው? ሻጮቹ ምን ብለው እንደሚያስተዋውቁት ግራ ገባቸው። በዚህ እንኳ አልፈርድባቸውም። እኔም ርዕሱን ሰምቼ ነው ፊቴ የጠቆረው።

ከልት የሚለው ቃል በመነሻው ጥሩ ስም የለውም። አንድን ነገር በጭፍን የሚከተል ቡድን ነው። ለፊልም ሲሆን ይለዝባል። ገበያው በወጉ ያልተቀበለውን፣ ጥቂት ሰዎች ግን የሙጥኝ ያሉትን ፊልም ይጠሩበታል። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ከሞት የሚነሱባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። አንዱ የእኩለ ሌሊት ሲኒማ ነው። «ዘ ሮኪ ሆረር ፒክቸር ሾው» በ1975 ወጥቶ ሰው አላየውም። በ1976 ኒውዮርክ ውስጥ እኩለ ሌሊት ላይ ማሳየት ሲጀምሩ ተመልካቹ ልብሱን ለብሶ፣ ስክሪኑ ላይ እየጮኸ፣ ሩዝ እየበተነ ማየት ለመደ። ሌላው ቴሌቪዥን ነው። «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» የ1946 ፊልም ነው፤ በ1974 የቅጂ መብቱ ሳይታደስ ቀረ። ጣቢያዎቹ በየበዓሉ ደጋግመው አሳዩት፣ ሰውም ለመደው።

ሦስተኛው ካሴት ነው። የእኛም መንገድ ይሄ ነው።

ቪኤችኤስ ገበያ ላይ የዋለው በ1976 ነው። መጀመሪያ አካባቢ በፊልም የተሞላ ካሴት ውድ ነበር፤ የሚገዙትም አከራይ ቤቶች ነበሩ። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ዋጋው ሲወርድ ግን ፊልም በሰው እጅ ገባ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። ከዚያ በፊት ፊልም ሄዳችሁ የምታዩት ነገር ነበር። አሁን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ለሰው የምትሰጡት ዕቃ ሆነ። መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ለጎረቤት ይዋሳል፣ ከዚያም ጭቅጭቅ ያስነሳል። «ዘ ፕሪንሰስ ብራይድ» የሰውን ቤት ያዳረሰው በዚህ መንገድ ነው። በማስታወቂያ መሸጥ ያልቻለውን ፊልም አክስት ለእህት ልጅ፣ ታላቅ ለታናሽ፣ ፍቅረኛ ለፍቅረኛ እየሰጠ አዳረሰው። ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። «ዝም ብለህ እየው» ነው የሚባለው።

ወደ ጋሼ ልመለስ።

ጋሼ ሲተረጉሙ ሁሉንም ሰው ሆነው ነው። ጠላፊዎቹን የሚመራው አጭሩ ሰውዬ፣ ቪዚኒ፣ በየደቂቃው አንድ ቃል ይጮኻል። ትርጉሙ «የማይታሰብ ነው» ማለት ነው። ጋሼ ግን «አይሞከርም!» ነበር የሚሉት። ገመዱን ይቆርጣል፣ ባለ ጥቁር ልብሱ አይወድቅም፣ «አይሞከርም!» ቤታችን ውስጥ ይህ ቃል ለዓመታት ከአፋችን አልጠፋም። ግዙፉ ፌዚክ ደግሞ ቤት መምታት ይወዳል። ከጓደኛው ጋር እየተቀባበሉ ቃል ይገጥማሉ። ጋሼ እንግሊዝኛውን ትተው እዚያው የራሳቸውን ግጥም ይፈጥራሉ። አንዳንዴ ስለ እህቴ አፍንጫ ነው ግጥሙ።

የማልረሳው ግን የገደሉን ትዕይንት ነው። ባለ ጥቁር ልብሱ ሰው ገደሉን በእጁ እየቧጠጠ ይወጣል። አናቱ ላይ ኢኒጎ ሞንቶያ የሚባል ስፔናዊ ጎራዴውን ይዞ ይጠብቀዋል። ሊገድለው ነው የሚጠብቀው። ግን መጠበቁ አሰልቺ ሆነበት። ገመድ ልጣልልህ ይለዋል። ሰውዬው እንዴት ልመንህ ሲለው በአባቱ ነፍስ ይምላል። ጋሼ «አባቴ ይሙት!» ብለው ተረጎሙት። ትንሽ ቆይቶ ኢኒጎ አባቱ በልጅነቱ እንደተገደለ ያወራል። እህቴ ብድግ አለች።

«ጋሼ፣ አባቱ ሞቷል እንዴ? ቅድም አባቴ ይሙት ብሎ ምሎ የለ?»

ጋሼ ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። «የሞተ አባት አይማልበትም ያለሽ ማን ነው?»

ከዚያ ውጊያው ይጀምራል። በግራ እጃቸው ነው የሚዋጉት። መሃል ላይ ኢኒጎ እኔ ግራኝ አይደለሁም ብሎ ጎራዴውን ወደ ቀኝ ያዞራል። ተቀናቃኙም እየተሸነፈ ሲመጣ፣ እኔም አይደለሁም ይላል። ያ ውጊያ የካሜራ ማታለያ ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም። ተዋናዮቹ ኬሪ ኤልዌስና ማንዲ ፓቲንኪን ለወራት ሠልጥነውበታል። አሠልጣኞቻቸው ፒተር ዳይመንድና ቦብ አንደርሰን ናቸው። በሁለቱም እጅ መዋጋት ተማሩ። ቀረጻው እየተካሄደ እንኳ በዕረፍት ሰዓት ጎራዴ ያነሱ ነበር። ከአክሮባቱ በቀር ሁሉንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ይህንን ክፍል ስንት ጊዜ እንዳየነው አልቆጠርኩም። ወደ ኋላ አጠንጥነን እንደገና፣ ወደ ኋላ አጠንጥነን እንደገና። ጎራዴው ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር አቁመን በጣታችን እንነካዋለን። ካሴት ይህንን አይወድም። ፊልሙን ስታቆሙት ክሩ ይቆማል፤ ምስሉን የሚያነበው ከበሮ ግን መሽከርከሩን አይተውም። ያንኑ ቦታ ይፈጨዋል። ከአንድ ዓመት በኋላ የገደሉ ውጊያ ላይ ነጫጭ ሰንበር ወጣ። ሌላው ቦታ ጥርት ያለ ነው። የምንወደው ቦታ ብቻ ነው የተበላሸው። ዛሬ ያንን ካሴት ለማያውቀው ሰው ብታሳዩት የት የት እንደወደድን ከመስመሮቹ ያነበዋል።

ተቃራኒውም አለ። ጨርሶ ያልተነካ ቦታ። ዌስትሊ፣ ለካ ባለ ጥቁር ልብሱ እሱ ነው፣ ተይዞ፣ ታስሮ፣ ዕድሜውን በሚመጥጥ ማሽን ይሰቃያል። ጋሼ እዚህ ሲደርሱ ይነሱና ወደ ፊት ያስሮጡታል። «ታስሮ ነበር፣ ደክሞታል» ብለው ያልፋሉ። ሲሳሳሙ ደግሞ ስክሪኑ ፊት ቆመው ያስላሉ። የሚገርመው ነገር ፊልሙ ውስጥ ያለው ልጅም መሳሳም ሲመጣ ይጨቀጭቃል፣ አያቱም ይዘሉለታል። ልዕልቷን ባሕር ውስጥ አስፈሪ ዓሦች ሲከቧት ደግሞ አያትየው ማንበባቸውን አቁመው፣ አሁን አትበላም፣ ፈርተህ ስላየሁህ ነው ይሉታል። ጋሼ ይህንን መተርጎም እንኳ አላስፈለጋቸውም። ከሳቸው አፍ የወጣና ከፊልሙ የወጣ መለየት አቅቶን ነበር።

አሁን ወደ አሥራ ሁለቱ ዓመት ልምጣ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ፊልሙን በዲስክ አገኘሁት። የግርጌ ጽሑፍ አለው። እንግሊዝኛዬም ተሻሽሏል። ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለእህቴ ደወልኩ።

«ወንድማማች አይደሉም!»

«እነማን?»

«ኢኒጎና ፌዚክ!»

ዝም አለች። ጋሼ በልጅነታቸው ተለያይተው የተገናኙ ወንድማማቾች ናቸው ብለውን ነበር። ሙሉ ታሪክ ነበረው። እናታቸው ማን እንደሆነች፣ እንዴት እንደተጠፋፉ። እንባ የሚያስነባ ነገር። ፊልሙ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ጓደኛሞች ናቸው፣ በቃ። ቀጠልኩ። የተባለው ሁሉ ሌላ ነው። ቪዚኒ «አይሞከርም» አላለም። ስለ እህቴ አፍንጫ የተገጠመ ግጥምም የለም፤ ይሄ እንኳ አላስደነቀኝም። ማሽኑን አየሁት። በዘጠኝ ዓመቴ አይቼው ቢሆን ለሳምንት አልተኛም ነበር።

ተናደድኩ። የተታለልኩ መሰለኝ። የወደድኩት ፊልም የለም ማለት ነው? ያንን የሠራው አጎቴ ነው?

ከዚያ ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ አነበብኩ። በሳቅ ልሞት!

ጎልድማን መጽሐፉን በ1973 ሲያወጣ የኔ አይደለም አለ። ሞርገንስተርን የሚባል የፍሎሪን አገር ደራሲ የጻፈው ጥንታዊ ሥራ ነው፣ እኔ ያሳጠርኩት ብቻ ነኝ አለ። ሞርገንስተርን የሚባል ሰው የለም። ፍሎሪን የሚባል አገርም የለም። ፍሎሪንና ጠላት ጎረቤቷ ጊልደር የድሮ ገንዘብ ስሞች ናቸው። የመጽሐፉ ተራኪ እንዲህ ይላል፦ በልጅነቴ የሳንባ ምች ይዞኝ ተኝቼ አባቴ ይህንን መጽሐፍ አነበበልኝ። አባትየው ከፍሎሪን የመጣ ስደተኛ ነው። እንግሊዝኛው የተሰባበረ ነው። ልጁ ካደገ በኋላ መጽሐፉን ፈልጎ አግኝቶ ራሱ ሊያነበው ሲሞክር አሰልቺ ሆነበት። ገጾች ሙሉ የዘር ሐረግ፣ የልብስ ዝርዝር። አባቱ ያንን ሁሉ ዘልሎ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነበር ያነበበለት። ስለዚህ ልጁ አባቱ ያነበበለትን መጽሐፍ ራሱ ሊሠራው ተነሣ።

እስቲ አስቡት። እንግሊዝኛው የተሰባበረ አንድ ትልቅ ሰው፣ እየዘለለ፣ ለልጅ ታሪክ ይነግራል። ልጁ ካደገ በኋላ እውነተኛውን ያገኝና ይደነግጣል። ጋሼ ይህንን መጽሐፍ አላነበቡትም። መኖሩንም አያውቁም።

እውነተኛው ጎልድማን ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። ታሪክ ልጻፍላችሁ፣ ስለ ምን ይሁን ብሎ ጠየቃቸው። አንዷ ስለ ልዕልት አለች፣ ሌላዋ ስለ ሙሽራ። እንግዲያው ርዕሱ ይኸው አለ። እኔን ፊቴን ያጠቆረኝ ርዕስ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያዘዙት ኖሯል።

ፊልም እስኪሆን 14 ዓመት ፈጀ። የፊልም መብቱ ተሸጦ ነበር፤ ስቱዲዮው ውስጥ የሚደግፈው ሰው ሲባረር ነገሩ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ጎልድማን መብቱን በራሱ ገንዘብ መልሶ ገዛው። ደራሲ የሸጠውን ነገር ከኪሱ አውጥቶ ሲገዛ ብዙ ጊዜ አይታይም። በኋላ ሮብ ሬይነር መጣ። ሬይነር መጽሐፉን ከየት አገኘው? አባቱ ካርል ሬይነር በስጦታ ሰጥቶት። ካርል ራሱ የታወቀ ኮሜዲያንና አዘጋጅ ነበር። ልጁ ከመጽሐፍ ሁሉ አብልጦ ወደደው። ገንዘቡን ያቀረበው የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰሩ ኖርማን ሊር ነው።

እዚህ ድረስ ስቆጥር እኔ የማገኘው የስጦታ ሰንሰለት ነው። ሴት ልጆቹ ርዕሱን ለአባታቸው ሰጡ። አባት ለልጁ መጽሐፉን ሰጠ። ፊልሙ ውስጥ አያት ለልጅ ልጅ ሰጠ። ጋሼ ለእኛ ሰጡ። ከተቀባዮቹም ውስጥ ሁለቱ፣ ያ የታመመ ልጅና እኔ፣ ፊታችን ጠቁሮ ነው የተቀበልነው። ለዚህ ነው ፊልም ራስህ መርጠህ ማየትና ሰው ሰጥቶህ ማየት ይለያያል የምለው። እኔ ብመርጥ በሕይወቴ ይህንን ፊልም አላይም ነበር። ዛሬ ስልካችሁ ቀድሞ ያያችሁትን እያየ የሚመስለውን ይመርጥላችኋል። ስልኬ ያን ጊዜ ቢኖር ኖሮ ለእኔ መኪና ሲጋጭ ያሳየኝ ነበር።

ስለ ተዋናዮቹ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም እነሱም ዘንድ ያው ነገር አለ። ፌዚክን የሠራው አንድሬ ዘ ጃይንት የትግል ስፖርተኛ ነበር። ፈረንሳዊ ነው፣ እንግሊዝኛው ይከብደዋል። ስለዚህ ሬይነር የአንድሬን ንግግር በሙሉ በራሱ ድምፅ ካሴት ላይ ቀድቶ ሰጠው። አንድሬ ካሴቱን እየሰማ አጠና። ፊልሙ ላይ ስትሰሙት ያ ቀስ ያለ፣ እንደ ዘፈን የሚሄድ አነጋገር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በዚያ ላይ ጀርባው ታሞ ነበር። ያ ሁሉ ግዝፈት እያለው ልዕልቷን መሸከም አይችልም። በተርካፕን የሠራችው ሮቢን ራይት እላዩ ላይ ስትወድቅ በሽቦ ይዘዋት ነው። ብርድ ሲሆን ግን እጁን ጭንቅላቷ ላይ ያደርግላታል፤ መዳፉ ጭንቅላቷን ሁሉ ይሸፍንና ይሞቃታል። ይህንን ሰምቼ ሳበቃ የጋሼ የወንድማማቾች ታሪክ ያን ያህል ውሸት አልመስልህ አለኝ።

ማንዲ ፓቲንኪን ደግሞ ኢኒጎን ሲሠራ አባቱን በካንሰር አጥቶ ነበር። ባለ ስድስት ጣቱን ገዳይ ሲወጋው በልቡ ያን በሽታ እየገደለ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ያቺን የታወቀች ንግግር ሲደጋግማት ዓይኑን እዩት። ሰላምታ ያቀርባል፣ ስሙን ይናገራል፣ አባቴን ገድለሃል ይላል፣ ለሞት ተዘጋጅ ይላል። ጋሼ እዚህ ላይ አንድ ብልሃት ነበራቸው። መጀመሪያ «ጤና ይስጥልኝ፣ ኢኒጎ ሞንቶያ እባላለሁ» ይላሉ፣ በትሕትና። ከዚያ «አባቴን ገድለውታል፣ ለሞት ይዘጋጁ»። በአንቱታ! ገዳዩ መኳንንት ነውና። ሲደጋግመው፣ ሲደጋግመው፣ ሦስተኛው ላይ ድንገት «አባቴን ገድለሃል!» ይሆናል። በእንግሊዝኛው ይህ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ይቅርታ አድርጉልኝና እዚህ ጋ ጋሼ ከጎልድማን ይበልጣሉ።

ፊልሙን የማመልክ እንዳይመስላችሁ። ሙዚቃው የተሠራው በሲንተሳይዘር ነው፤ ዛሬ ሲሰማ ያረጀ ነገር አለው። በተርካፕም ስሟ ርዕሱ ላይ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ቆማ ትጠብቃለች። እህቴ ይህንን በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው ያየችው። «ለምን እሷም ጎራዴ አትይዝም?» አለች። ጋሼ በሚቀጥለው ጊዜ ሲተረጉሙ በተርካፕ ዕቅዱን ሁሉ በድብቅ የምታወጣ ሰው ሆና አረፈችው። አፏ ሳይከፈት ብዙ ታወራ ነበር።

በ2016 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ፊልሙን ከሚጠበቁ ብሔራዊ ፊልሞች ዝርዝር አስገባው። በዚያው ዓመት በሐምሌ እስከሚታወቀው ድረስ የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች፣ ፉናይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ፣ ማምረት አቆመ። ፊልሙን ያዳነው ዕቃ ፊልሙ በከበረበት ዓመት ሞተ። የእኛ ካሴት አሁን እህቴ ዘንድ አለ። የሚያጫውተው ዴክ የለም።

በ2020፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ፣ ብዙ ተዋናዮች ይህንን ፊልም በየቤታቸው በስልክ እንደገና ቀረጹት። በአንሶላ ካባ፣ በማንኪያ ጎራዴ ዓይነት ነገር። የመጨረሻውን ትዕይንት የሠሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የታመመውን ልጅ የሆነው ሮብ ሬይነር ነው። አያትየውን የሆነው አባቱ ካርል ነው፤ መጽሐፉን የሰጠው። ካርል 98 ዓመቱ ነበር። ይህንን ከቀረጹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፈ።

ያቺ የመጨረሻ ትዕይንት እንዲህ ናት። መጽሐፉ ያልቃል። አያትየው ሊሄዱ ይነሣሉ። ልጁ እየተቅለሰለሰ፣ ነገም መጥተው ቢያነቡልኝ ይላቸዋል። አያትየው በሩ ላይ ዞር ብለው ዌስትሊ ለበተርካፕ ይላት የነበረውን ያንኑ ቃል ይመልሱለታል። በእንግሊዝኛ ቃሉ አንድ ነው፤ ለሴትም ለወንድም፣ ለአንድም ለብዙም። የፊልሙ ልብ እዚያ ላይ ነው ያለው። በአማርኛ ግን ተርጓሚ ጉድ ይሆናል። መጀመሪያ «እንዳልሽ» ነበር፤ አሁን የሚነገረው ለወንድ ልጅ ነው። «እንዳልክ» ካልክ ቃሉ ሌላ ሆነ፣ ክሩ ላላ።

ጋሼ ምን ነበር ያሉት? ረጅም ጊዜ አስቤ ነው ያስታወስኩት። «እንዳላችሁ» ነበር ያሉት። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ጋሼ ግን ስክሪኑን አላዩም፤ ወደ እኛ ዞረው ነበር።

ባለፈው ዓመት በበዓል ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። አርጅተዋል። ጆሯቸው ደክሟል፤ በቀኙ ትንሽ ይሰማሉ። ላፕቶፔን ከፈትኩና በቀኛቸው በኩል ተቀመጥኩ። «ምንድን ነው?» አሉ። ርዕሱን ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር መግለጽ አልችልም።

አሁን ተርጓሚው እኔ ነኝ። ጆሯቸው ሥር ሆኜ እጮኻለሁ። ፌዚክና ኢኒጎ ሲገናኙ «ጓደኛው ነው» አልኳቸው።

«ወንድሙ ነው እንጂ» አሉ፣ ቆጣ ብለው።

«ልክ ነዎት፣ ወንድሙ ነው።»

ማሽኑ ጋ ስንደርስ እጄ ራሱ ሄዶ ወደ ፊት አሳለፈው። ጋሼ በዚያ ወር ከሆስፒታል መውጣታቸው ነበር። «ምን ሆነ?» አሉኝ።

«ታስሮ ነበር። ደክሞታል።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። እያወቁ ይሁን ሳያውቁ አልገባኝም።

መጨረሻው ደረሰ። አያትየው በሩ ላይ ቆሙ። ዞር አሉ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ጋሼ ስክሪኑን ትተው ወደኔ ዞረው ነበር።

«ምን አሉት?»

የሚነገረው ለሕፃን ነው። ትክክሉ «እንዳልክ» ነው። እኔ ግን ፊቴ ያሉት ጋሼ ናቸው።

«እንዳሉ» አልኳቸው።